ካፒቴን ሲሉኝ

ሰኞ ማታ

ትናንት ሳቂታው ወደቀ።

በበረራ ትምህርት ቤቱ ሳቂታው የማይለው የለም፤ ልጁ ጥርሱ አይከደንም። ተራው ከእኔ በፊት ነበር፤ እሱ ብቻውን መብረር ጀምሯል። እኔ መጋዘኑ ጥግ ቆሜ የጆሮ ማዳመጫዬን ገመድ እፈታታለሁ። አውሮፕላኗ ልታርፍ ስትመጣ ደህና ነበረች። መሬት ነካች፣ ነጠረች። ደግማ ነካች፣ ከበፊቱ ብሳ ነጠረች። ከዚያ የፊት እግሯ ታጠፈና በአፍንጫዋ ተተክላ በጀርባዋ ተገለበጠች። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ትሪ ከነብርጭቆው ከእጅ ሲያመልጥ ያህል ነው።

ሁሉም ሮጠ። እኔም ሮጫለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ቆምኩ እንጂ ሮጫለሁ።

ነፍሱ ተርፋለች። የተሰበረው ዳሌው ነው። ጎትተው ሲያወጡት አልጮኸም፤ የጠፋበት ሰው የሚፈልግ ይመስል የእያንዳንዳችንን ፊት ተራ በተራ ያያል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ምነው ዛሬ ቶሎ?» አለችኝ።

«ጎማ ተበላሽቶ ትምህርት ተቋረጠ» አልኳት። ውሸት አይደለም። ጎማው ተበላሽቷል።

እናቴ ከሶፋዋ ላይ ሆና «ካፒቴን ነው የመጣው?» አለች። ከተመዘገብኩ ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። ከእሷ ጎረቤት ሰማ፣ ከጎረቤት ባለሱቁ ሰማ፤ አሁን ዳቦ ልገዛ ስሄድ እንኳ «ለካፒቴን ትኩሱን ስጠው» ይባላል። ካፒቴን የሚሉት አሳንሰር ጠጋኝ ነው። የቤተሰቡን መኪና ሸጦ የበረራ ትምህርት የገባ፣ ከሰዓት በኋላ አሳንሰር እየጠገነ ረቡዕና እሑድ ጠዋት የሚማር፣ ብቻውን በርሮ የማያውቅ ካፒቴን።

ይህ ደብተር የልጄ ትርፍ ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ ድመት አለ። ሌላ የማወራው ሰው ስላጣሁ አይደለም። ሰው እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው።


ረቡዕ

ትምህርት ቤቱ ሰበሰበን። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ደጋግሞ ጠረገ። «የእኛ ኢንሹራንስ አውሮፕላኗን ይሸፍናል። መሬት ላይ የተጎዳ ሰው ቢኖርም ይሸፍናል። የተማሪውን አካል ግን አይሸፍንም፤ ስትመዘገቡ የፈረማችሁት ላይ ተጽፏል» አለ። ማናችንም አላነበብነውም። ከእንግዲህ የራሱን የአደጋ ኢንሹራንስ ያላመጣ ተማሪ አይበርም።

ተማሪው ሁሉ አጉረመረመ። እኔም አጉረመረምኩ። «ይኼ ግፍ ነው» ያልኩት እንዲያውም እኔ ነኝ።

ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ እያፏጨሁ እንደነበር ያወቅኩት ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው ሲያዩኝ ነው። ከብስጭት ይሆናል።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። የሳቂታውንም ነገር መናገር ግድ ሆነ። የልጃችንን ሹራብ እያጠፈች ነበር፤ እጇ ቆመ።

«ጎማ ተበላሸ ያልከኝ እሱን ነው?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

ሹራቡን ፈታችና እንደገና አጠፈችው። የቤተሰባችን የጤና ኢንሹራንስ የሚታደሰውም በዚህ ወር ነው። የልጄ የአስም መድኃኒት የሚገዛው በእሱ ነው፤ እናቴም ለዓይኗ ሞራ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዛለች፤ አብዛኛውን የሚከፍለው እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መክፈል የማይታሰብ ነው።

«የቤተሰቡ ይቅደም» አልኳት። «መብረሩ ይቆይ። አንድ ዓመትም ቢሆን ይቆይ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አንተ እኮ…» ብላ ሳትጨርስ ወደ ልጅቷ ክፍል ገባች። ምን ልትል እንደነበር ገብቶኛል። ደግ ሰው ነህ ልትለኝ ነው።

ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።


ሐሙስ፣ ሥራ ቦታ

ቸኩያለሁ። አሳንሰሩ አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ መካከል ቆሞ ሁለት ሰው ውስጥ ነበር። አንዷ ታለቅሳለች። ጉድጓዱ ውስጥ በቀበቶ ተንጠልጥዬ ፍሬኑን በእጄ ቀስ እያልኩ ለቀቅኩላቸው። ከበታቼ ጨለማ ነው። እጄ ንቅንቅ አላለም።

የቱ ብረት የቱን እንደሚይዝ አውቀዋለሁ፤ ገመዱንም ያሰርኩት እኔ ነኝ። እዚያ ላይ ግን ሰውን የሚይዘው አየር ነው። አየርን ማን ጠግኖት ያውቃል?

ይህን የጻፍኩት ስለ ሙያ ልዩነት ነው።


ቅዳሜ

ባለቤቴ ሳትነግረኝ ከኢንሹራንስ ወኪሏ ጋር ቀጠሮ ይዛ ኖሯል። ሄድን። ቢሮዋ ሁለት ወንበርና አንድ የሚንጫጫ ማራገቢያ ነው።

«ሥራዎ?»

«አሳንሰር ጠጋኝ።»

ጻፈች። «ከመደበኛ ሥራዎ ውጪ ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ያዘወትራሉ? ተራራ መውጣት፣ የሞተር ብስክሌት ውድድር?»

አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ «ፓይለት ሊሆን ነው» አለች። ድምጿ ውስጥ የነበረው ኩራት ወኪሏን እንኳ ቀና አደረጋት። ከዚያ ወኪሏ ደምራ ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረችው። ከቤተሰቡ የጤና ኢንሹራንስ ይበልጣል።

«አይቻልም» ብዬ ብድግ አልኩ። ወንበሩ ከኋላዬ ወደቀ። ባለቤቴ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«በሁለት ጊዜ ብንከፍልስ?» አለቻት።

መንገድ ላይ ልከራከራት ሞከርኩ። መኪናችን በከንቱ ሄዳ እንዳትቀር ነው የምትለው። እሷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ተራ ልትወስድ ነው።

«ልጅቷስ?»

«እማዬ አለች።»

«እረፍትሽስ?»

«አንተ ካፒቴን ስትሆን አርፋለሁ» አለችና ሳቀች።

ይህችን ሳቅ የት አባቴ ላድርጋት?


ማክሰኞ

ጨጓራዬ። ባለቤቴ መድኃኒት አመጣችልኝ።

«መቼ ነው የሚብስብህ?»

«ከምግብ በኋላ።»

እውነቱን ለመጻፍ፣ የሚብስብኝ ረቡዕና እሑድ ጠዋት ነው። የትምህርት ቀኖቼ ረቡዕና እሑድ መሆናቸው አጋጣሚ ነው።

ሻይ እየጠጣን ስለ አንድ ደንበኛዋ አጫወተችኝ። ሰውዬው ወር ሙሉ እየተመላለሰ የራስ ምታት ክኒን ይገዛታል። ዛሬ ቀስ ብላ ብትጠይቀው ለካ የታመመው ሌላ ነገር ነው፤ ለመናገር አፍሮ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ» አለችና ብርጭቆዬን ሞላችልኝ።

ስለ ደንበኛዋ ነው ያወራችው።


ረቡዕ ማታ

ሁለቱም ተከፍሏል። ጠዋት ጫማዬን ሳስር የኢንሹራንሱን ወረቀት አፍንጫዬ ሥር አስቀመጠችው።

«ከየት አመጣሽ?»

«ከየትም አመጣሁ። አንተ ብረር።»

ደረጃውን ወርጄ ከሕንፃው ጀርባ አስመለሰኝ። ጨጓራ ነው።

አስተማሪዬ ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ዛሬ ያለማመዱኝ የሁሉም ተማሪ ግዴታ የሆነውን ነው፦ አፍንጫዋን ወደ ላይ ታቀናለህ፣ ፍጥነቷ እያለቀ ይሄዳል፣ ክንፎቿ አየሩን መሸከም ያቅታቸዋል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ያኔ መሪውን ወደ ፊት ለቀቅ ታደርግላታለህ፤ ራሷ ትድናለች። በወሬ ቀላል ነው። ከዚህ በፊትም ሠርቼዋለሁ።

ተንቀጠቀጠች። የሞተሩ ድምፅ ራቀኝ። ከፊት ለፊቴ ሰማይ ብቻ ነበር፤ ወዲያው ሰማዩ ተንሸራቶ ሄደና መሬቱ መጣ።

«ልቀቀው!» ሲሉ ሰማሁ። የለቀቅኩት መስሎኝ ነበር።

«እጅህን ልቀቅ ነው የምልህ!»

መሪውን የጨበጠውን እጄን አየሁት። የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ደንዝዟል፤ ጣቶቹ ደም የላቸውም። ጋሼ በክንዳቸው ደረቴን ወደ ኋላ ገፍትረው መሪውን ነጠቁኝ።

ስናርፍ ሞተሩን አጥፍተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ነበር ያ?»

«ሐሳብ ነው ጋሼ። የኢንሹራንሱ ክፍያ አናቴን አዙሮኝ…»

«ተከፍሏል ብለህ ጠዋት ወረቀቱን ሰጥተኸኝ የለም እንዴ?»

«ተከፍሏል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

የጆሮ ማዳመጫዬን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነገሩኝ። በቅርቡ ሶሎ እወጣለሁ፤ እሳቸው ወርደው እኔ ብቻዬን ማለት ነው። ከሶሎ በፊት ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ከከፈለው ግማሹ ይመለስለታል። አንዴ ብቻውን ከበረረ ግን ሰባራ ሳንቲም አያገኝም።

«ለሁሉም ተማሪ የምነግረው ነገር ነው» አሉ።

ለሁሉም ይናገሩ እንደሆነ ሌሎቹን አልጠየቅኩም። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ምን ያደርግላታል? የሚያቋርጥ ሰው የለ።


እሑድ

ነፋስ! ከንጋት ጀምሮ መስኮቱን ይደበድበዋል። ትምህርት ቤቱ ደውሎ ዛሬ በረራ የለም አለ። ለሁሉም ቁርስ ሠራሁ። እንቁላሉን እየመታሁ ለልጄ የድመት ድምፅ አሰማኋት፣ እናቴን አቅፌ አዞርኳት። ባለቤቴ ፋርማሲ ነበረች።

ልጄ ዳቦዋን እያኘከች አየችኝ። «አባዬ፣ ነፋስ ሲኖር ደስ ይልሃል አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ስልኩን ስትዘጋው እንዲህ አደረግክ» ብላ ትከሻዋን ወደ ላይ ሰብስባ ለቀቀችው፤ ትልቅ ትንፋሽም አወጣች።

ሰባት ዓመቷ ነው። ልጅ የማያየው ነገር የለም። ለእናቷ እንዳትነግራት ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ልጅን ምስጢር ያዢ ማለት ምን የሚሉት አባትነት ነው?


ሐሙስ

ከሥራ በፊት ሳቂታውን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩት። ብርቱካን ይዤለት ነበር። ዳሌው በብረት ተወጥሮ ጣሪያውን እያየ ተኝቷል። እኔ ነኝ የቀለድኩት። «ሳቂታው ያለ ሳቅ እኮ ማንም አይደለም» አልኩት። ከንፈሩን ብቻ አነቃነቀ።

እናቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቆ እጄን ያዘኝ።

«ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልንገርህ? ከመውደቄ በፊት ሳምንት ሙሉ እጄ ይደነዝዝ ነበር። መሪውን ስይዝ የእኔ እጅ አይመስለኝም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ቤቷን አስይዛ ነው ያስተማረችኝ፤ ምን ብዬ ልንገራት? እስቅ ነበር ዝም ብዬ። የዚያን ቀን ልለቀው ሲገባኝ አልለቀቀኝም።»

እናቱ ተመልሳ መጣች። እሱም ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ።

ለምን ለእኔ እንደነገረኝ አላውቅም። የእኔን እጅ ምንም አይለውም። ይኸው እየጻፍኩበት ነው።


ዓርብ

እናቴና ባለቤቴ ወጥ ቤት። በሩ ገርበብ ብሏል።

እናቴ፦ «ልጄ እንቅልፉ ልክ አይደለም። ጥርሱን ሲያፋጭ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማኛል።»

ባለቤቴ፦ «ድካም ነው እማዬ። ሥራም፣ ትምህርትም።»

እናቴ፦ «ይሁን። አንቺ ካልሽ ይሁን።»

ካልሲዬን በእጄ ይዤ ቆሜ ሰማሁ፤ ተመልሼም ተኛሁ። ማለት ጋደም አልኩ።


ረቡዕ

ዛሬም በረራ አልነበረም። ነፋስ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የደወልኩት። ጉንፋን ይዞኛል አልኳቸው። ስልኩ ላይ ሳልኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከክፍል ለመቅረት ሳልኩ።

ጋሼ ስልኩን ከጸሐፊዋ ተቀብለው «እሑድ አየሩ ጥሩ ነው አሉ። እሑድ ሶሎ ትወጣለህ» አሉኝ። ቀጥለውም «ካልመጣህም ይገባኛል» ብለው ዘጉት።

ካልመጣህም ይገባኛል። ይህን ምን ብለው ነው የሚናገሩት?


ዓርብ፣ ሆስፒታል

ተቀምጬ ስጠብቅ ነው የምጽፈው። እናቴ ወደቀች። ልጄን ከትምህርት ቤት ልትቀበላት ስትወርድ የደረጃው መጨረሻ ላይ የደረሰች መስሏት እግሯን ሜዳ ላይ እንደሚረግጥ ሰው ሰነዘረችው። አንድ ደረጃ ይቀራት ነበር። አላየችውም። የእጇ አንጓ ተሰበረ፤ ግንባሯም ተገጥቧል። ልጄ በር ላይ አጥታት እያለቀሰች ብቻዋን መጣች።

እጇን እያሰሩላት ነው። ጩኸቷ አይሰማም። እሷ አትጮህም።

ማታ

የተቀረውን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ሐኪሙ የእናቴን ወረቀት እያገላበጠ «የዓይን ሞራው ቀዶ ሕክምና ባለፈው ሳምንት መሆን አልነበረበትም?» አለ። ለእኔ የተነገረኝ የዓይን ሐኪሙ መንገድ ስለሄደ ቀጠሮው ተራዘመ የሚል ነበር። «ተራዝሟል አሉ» አልኩት። ሐኪሙ ወረቀቱን ደግሞ አየ። «እዚህ የሚለው ታካሚዋ ራሳቸው ሰረዙት ነው።»

ባለቤቴን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው ከፋርማሲው የሮጠችው። ስጠይቃት መጀመሪያ ግድግዳውን አየች።

«እማዬ ለዓይኗ የእኛ ድርሻ ተብሎ ያስቀመጠችውን ሰጠችኝ። ለኢንሹራንስህ። እኔ አልጠየቅኳትም፣ ልጄን ይንሳኝ! ራሷ ነች ትራሴ ሥር ያስቀመጠችው። ለእሱ እንዳትነግሪው ብላ አስማለችኝ። ዓይኔ ትንሽ ቢቆይ ምን ይለዋል፣ ልጄ ሲበር ለማየት የቀረኝ ብርሃን ይበቃኛል አለች።»

ወደ እናቴ ገባሁ። ግንባሯ ላይ ፋሻ አለ። የእግሬን ኮቴ ሰምታ «ካፒቴን» አለች። «አይዞህ፣ ግራ እጄ ነው። ቀኙ አለ።»

ምን አልኳት? «እሑድ ብቻዬን ልበር ነው እማዬ» አልኳት። ፊቷ እንዴት እንደበራ! ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚናገር? ነገር ግን አሁን መመለስ ይቻላል እንዴ? የእናቴን ዓይን ሳይቀር በልቼ ይቅርብኝ ልበል? ዝም ማለት ይሻላል። ዝም አይነቅዝም። እሑድ እበራለሁ፣ አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይለመዳል። ሰው ሁሉ የሚለው ይለመዳል ነው።

ሳቂታውም እንዲሁ ብሎ ነበር ይሆን?


እሑድ ማታ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

አየሩ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር። ጋሼ አብረውኝ ተነስተው አንድ ዙር ዞርን። አረፍን። ከመንደርደሪያው ዳር ስንደርስ ቀበቷቸውን ፈቱ፣ በሩን ከፈቱ፣ የሞተሩ ነፋስ ሸሚዛቸውን እያርገበገበው ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«እኔ እዚህ ቆሜያለሁ» አሉ። «የምትሠራውን ታውቀዋለህ። ወዴት እንደምትሄድ ግን የምትወስነው አንተ ነህ።» በሩን ዘጉት።

የእሳቸው ወንበር ባዶ ሲሆን አውሮፕላኗ ሰፋች። ወደ መንደርደሪያው አፍ ወሰድኳት። ከፊት ለፊቴ ጥቁሩ አስፋልት፣ መሐሉ ላይ ነጩ መስመር። ማማው ላይ ያለችው ተቆጣጣሪ በሬዲዮ «ለመነሳት ተፈቅዶልዎታል» አለች። ድምጿ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል ነው፤ ለእሷ ተራ እሑድ ነው።

እጄ ደነዘዘ። አንደኛው፣ ከዚያ ሁለተኛው። ልጄ መጣችብኝ፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ሆና መንገዱን የምታይ። ማን ሊቀበላት? ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። መሪውን ልልቀቅ ብዬ ጣቶቼን አዘዝኳቸው። አልሰሙኝም።

«ተማሪ አብራሪ፣ ሰምተውኛል? ለመነሳት ተፈቅዶልዎታል።»

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጣቶቼን በሌላው እጄ መዳፍ እየገፋሁ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫንኩ።

«አልችልም» አልኩ።

«ይድገሙልኝ?»

«አልችልም። ፈርቻለሁ። ወደ ማቆሚያው ልመለስ።»

እንቅልፍ የሚመስለው ድምጿ ነቃ። «ይመለሱ። ቀስ ብለው ይመለሱ። ማንም አያስቸኩልዎትም» አለች። መልኳን አይቻት አላውቅም። ፈጣሪ ይባርካት።

ጋሼ እየተራመዱ መጡ። ሞተሩን አጥፍቼ ስወርድ ክንፉን ተደግፌ ቆምኩ። «በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው አሳርፌያለሁ» አሉ። «ሳይነሳ ያረፈ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።» ትከሻዬን ያዙ። «ባትመለስ ኖሮ ራሴ መንደርደሪያው ላይ ሮጬ እቆምብህ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ራስህ እንድትለው ስጠብቅ ነበር። ጥፋቴ ነው፤ ቀድሜ ማለት ነበረብኝ።»

ወደ ቤት አልሄድኩም። ቀጥታ ፋርማሲው ሄድኩ።

ባለቤቴ ከባንኮኒው ኋላ ነበረች፣ ሰልፍ አለ። ሰልፉን ጥሼ እንዳልገባ አፈርኩ። ከአንድ ሳል ከያዛቸው አዛውንት ጀርባ ተሰለፍኩ። እያንዳንዱ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ሲወጣ አንድ እርምጃ እቀርባለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ እርምጃ የከበደኝ የለም፤ መንደርደሪያው እንኳ ይሻላል። ቀና ብላ አየችኝ፤ የለበስኩትን የትምህርት ቤቱን ሸሚዝ አየች፤ ፊቷ በራ።

ተራዬ ደረሰ።

«በረርክ?»

«አልበረርኩም።»

«ነፋስ ነበር?»

«ነፋስ አልነበረም። ጉንፋንም አልነበረኝም። ጨጓራም አይደለም፣ ኢንሹራንሱም አይደለም። ፈርቼ ነው። ልክ እዚያ ስገባ እጄ ይደነዝዛል። ትቼዋለሁ።»

ከኋላዬ ልጅ የታቀፈች ሴት ነበረች። ባለቤቴ እሷን በጣቷ ትንሽ እንድትቆይ ለመነቻት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ።

«ከሳቂታው በፊት ጀምሮ።»

ይህን ለራሴም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለዚህ ደብተርም ጽፌው አላውቅም።

የክኒን ማሸጊያ ይዛ ነበር፤ እጇ ውስጥ ጨመደደችው። ዓይኗ ደረቅ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች ተናገረች።

«ስማኝ። መፍራትህ አይደለም ያቃጠለኝ። አውሮፕላን ማን የማይፈራ አለ? እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ነፍሴ ትወጣ ነበር። ያቃጠለኝ እኔን ከአውሮፕላኑ አብልጠህ መፍራትህ ነው። ገደል ይመስል! እሑዴን የሰጠሁህ፣ እማዬ ዓይኗን የሰጠችህ፣ ልትነግራቸው የማትችላቸው ሰዎች መስለንህ ነው?»

ሸሚዜ ላይ ያለውን የትምህርት ቤቱን ምልክት በመዳፌ ሸፈንኩት።

«አሁን ሂድ ቤት። ልጅቷን እጠባት። ቀጥሎ!» አለች፤ ልጅ የታቀፈችው ሴት ቀረበች።


ረቡዕ

ባለቤቴ አታናግረኝም። ማለት «ጨው አቀብለኝ» ትለኛለች።

ለእናቴ ዛሬ ነገርኳት። እግሯ ሥር ተቀምጬ ነው የነገርኳት። ሁሉን ጠብቄ ነበር፤ ቁጣውንም ጭምር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ባልተሰበረው እጇ ፀጉሬን ዳበሰችኝ።

«ፈሪ ለእናቱ ይላሉ» አለች። «ይኸው ለእኔ ተረፍክልኝ።»

ከዚያ ግን አክላ «ዓይኔን ለውሸት በማስያዝህ ግን አዝኛለሁ» አለች። ተገቢ ነው። ያ ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ባለሱቁ «ካፒቴን፣ እንዴት ነው ሰማዩ?» ሲለኝ «ትቼዋለሁ» አልኩት። ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። መንደሩ እስከ ማታ ይሰማዋል። ይስማ።


ሰኞ

ትምህርት ቤቱ ግማሹን መለሰ። ለአውሮፕላን ያልሄደው ለመኪና አይበቃም፤ ከእንግዲህ አውቶቡስ ነን። የአደጋ ኢንሹራንሱን ለማቋረጥ ወኪሏ ጋ ሄጄ ነበር። «እንዴት፣ ፓይለትነቱስ?» ስትለኝ «ፈራሁት» አልኳት። ወኪሏ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እሷም አሳንሰር ስለምትፈራ ሁልጊዜ በደረጃ እንደምትወጣ ነገረችኝ።

ሳቂታውንም አየሁት። ትቼዋለሁ ስለው አለቀሰ። እኔም አብሬው።


ቅዳሜ

በተመለሰልን ገንዘብ የእናቴ ዓይን ተሠርቷል። የአንደኛው ፋሻ ትናንት ተነሳ። መጀመሪያ ያየችው ልጄን ነው፤ «ጥርስሽ ወልቋል ለካ!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ብዙ አየችኝ። «ከስተሃል» አለች።

ባለቤቴ ተጨማሪ ተራውን ለቃለች፤ ዛሬ ቅዳሜ ቤት ነች። እስካሁን ይቅር አላለችኝም፣ ከጨው ግን አልፈናል። ማታ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ገባሁ። የምለው አጥቼ ቢላዋ አንስቼ አጠገቧ ቆምኩ፤ መላጥ ጀመርኩ።

ሳታየኝ «ከዛሬ ጀምሮ ስትፈራ ትነግረኛለህ» አለች።

«እሺ።»

«ያኔውኑ።»

«እሺ።»

የላጥኩትን ሽንኩርት ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«አሁንም ፈርቻለሁ።»

«ምኑን?»

«አንቺን።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ ቀልቷል። በክርኗ ጎኔን ጎሸመችኝና ሌላ ሽንኩርት ወደ እኔ ገፋች።

«እኔንማ ትንሽ ፍራ» አለች። «ይጠቅምሃል።»